አባቴን ከጦር ጓደኞቹ ጋር ያገናኘው ማህበር፦ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ፣ አንዷን ለምን እንደቀነስኩ ውስጥ አለ

ሰው ምግብ ቤት ይገመግማል፣ ስልክ ይገመግማል፣ እኔ ዛሬ ማህበር ልገመግም ነው። በደርግ ጊዜ የነበረ የአንድ ክፍለ ጦር የቀድሞ አባላት ያቋቋሙት ማህበር ነው። ስሙን አልጠራም፣ አንደኛ ራሳቸው "እባክሽ ሰው አታብዢብን፣ ያለነው ሶስት ሽማግሌ ነን" ብለውኛል፣ ሁለተኛ ደግሞ የማማርራቸው ነገር ስላለ ስማቸው ባይነሳ ይሻላል። እንደዚህ አይነት ማህበር በየክፍለ ጦሩ፣ በየኮርሱ፣ በአየር ወለዱም በባህር ኃይሉም ስላለ አባታችሁ ወይ አጎታችሁ ወታደር የነበረ ሰዎች የምለው ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምፅፈው።

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፦ ጡረታ ያስከብሩልኛል፣ ቤት ያሰጡኛል ብላችሁ ከሆነ አትድከሙ፣ የላቸውም። ሰው ማፈላለግ ላይ ግን፣ ማለት "አብሮኝ የነበረው እንትና በህይወት አለ ወይ የትስ ነው" ለሚል ጥያቄ፣ እኔ የማውቀው ከነሱ የተሻለ የለም።

አባዬ ሬድዮ ኦፕሬተር ነበር። ሶማሊያ በ1969 ሐምሌ ስትገባ ገና ጀማሪ ወታደር፣ ጅጅጋ መስከረም ላይ ስትያዝ እዛው አካባቢ፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ካራማራ ላይ ድሉ ሲገኝም እዛው ነበረ፣ ከዛ በኋላ እንደ ብዙው ጦር ወደ ሰሜን ተጓጉዞ የቀረውን ጊዜ ኤርትራ ነው የጨረሰው። ግንቦት 1983 መንግስቱ ኃይለማርያም ከሀገር ወጥቶ ሰራዊቱ ሲበተን በእግሩ መጣ፣ ተመዝገቡ ሲባል ተመዘገበ፣ ጦላይ ተሃድሶ ካምፕ ገብቶ ወጣ፣ ጥበቃ ተቀጠረ፣ እኛን አሳደገ። ይሄን ሁሉ እኔ የማውቀው በቁርጥራጭ ነው፣ ቁጭ ብሎ ነግሮን አያውቅም። ጓደኞቹን ግን በቅፅል ስም ያነሳቸዋል፣ "ቄሱ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር"፣ "ጮማ ይሄን ቢያይ"፣ ቄሱ ማነው ጮማ ማነው ብትሉት ሙሉ ስማቸውን አያውቀውም። ሰላሳ ምናምን አመት የሚያነሳውን ሰው የአባቱን ስም አያውቅም!

ማህበር አለ ብዬ ስነግረው "ምን ልሰራ" አለ። እኔ ተቀይሞ መሰለኝ፣ ወይ የማይረሳው ነገር ኖሮ። በኋላ ነው የማህበሩ ፀሐፊ የነገሩኝ፣ ግማሹ ሰው መጀመሪያ እንደዛ ነው የሚለው አሉ፣ ምክንያቱ ደግሞ ሀዘን ምናምን አይደለም፣ ዝርዝር መፍራት ነው። አስቡት እስኪ፣ የዛን ትውልድ ወታደር ስሙ ሊስት ላይ ገብቶ መቼ ነው ጥሩ ነገር የገጠመው? ግንቦት 8 ቀን 1981 የጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግስት ሲከሽፍ ማን ከማን ጋር ይደዋወል ነበር እየተባለ ስም ተለቀመ፣ በ1983 ደግሞ የተመዘገበ ነው ካምፕ የገባው። ከነሱ በፊትም እንደዛው ነው፣ ታህሳስ 1953 ላይ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግስቱ ንዋይ ግርግሩን ሲያስነሳ ምንም የማያውቀው ተራ የክብር ዘበኛ ወታደር ሁሉ ክብር ዘበኛ በመሆኑ ብቻ ጦስ ተርፎታል። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ "ስምህን፣ ማዕረግህን፣ የነበርክበትን ብርጌድ ሙላ" የሚል ፎርም ሲሰጡት ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ይሄን ያወቀ ማህበር ነው እንግዲህ፣ ፎርም ሰጥቶ አይጀምርም። ይሄ ለኔ የመጀመሪያዋ ኮከብ ናት።

እንዴት ነው ታዲያ የሚጀምረው፣ በስልክ። ደወልኩ፣ "አባቴን ላስመዘግብ ነበር" አልኩ፣ ስሙ ማነው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ "የት ነው የሰለጠኑት?" አሉኝ። አላውቅም። "ታጠቅ ነው ሁርሶ ነው?" አላውቅም። "ሻምበል መሪያቸው ማን ነበሩ? ሲጠሯቸው ማን እያሉ ነበር?" ይሄኛውን አውቀዋለሁ፣ ሽቦ ነው የሚሉት፣ ሬድዮ ስለሚሸከም ይሁን ቀጭን ስለነበረ ይሁን እንጃ። "ሽቦ የሚባሉ ሶስት አሉን፣ አንዱ አርፈዋል" አሉኝ። በቃ ፀጉሬ ቆመ።

ስም የማያስቀድሙበት ምክንያት ሲያስረዱኝ በጣም ነው የገረመኝ፣ ግልፅ ነገር ሆኖ እኔ አስቤው አላውቅም። ጦር ሜዳ ላይ ሰው በስሙና በማዕረጉ ነው የሚጠራው፣ አስር አለቃ ተስፋዬ፣ ሃምሳ አለቃ አበበ፣ በቃ። የአባት ስም የሚያውቀው ደሞዝ ከፋዩ ነው። አንድ ክፍለ ጦር ውስጥ ስንት አስር አለቃ ተስፋዬ ይኖራል? ለዛ ነው ፌስቡክ ላይ "አስር አለቃ ተስፋዬን አፋልጉኝ" የሚል ፖስት ሺህ ላይክ አግኝቶ ተስፋዬ የማይገኘው። እነዚህ ግን የሚፈልጉት በቦታና በጊዜ ነው፦ በስንት አመተ ምህረት፣ የትኛው ብርጌድ፣ የትኛው ሻለቃ፣ ሻምበሉ፣ መቶው፣ መጨረሻ የታየው የት ነው፣ ግንቦት 83 የት ነበር፣ ከዛ የቅፅል ስሙ፣ ከዛ በመጨረሻ ስሙ። እነዚህ ሁሉ የተፃፉበት መዝገብ አላቸው፣ ትልቅ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ፣ የእጅ ፅሁፉ የአምስት የስድስት ሰው። ኤክሴል ላይ እየገለበጡት ነው ተብሏል፣ የሆነ አባል የልጅ ልጅ ነው የሚሰራው፣ ፈተና ሲደርስበት ግን ይቆማል። ስሄድ ያየሁት "መ" ላይ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ጥያቄው ሰው ለማግኘት ብቻ አይደለም፣ አስመሳይንም ለመለየት ነው። የቀድሞ ጦር ነኝ ብሎ የሚመጣ አለ፣ የሆነ ጥቅም ያለ መስሎት። ሶስት ምስክር ይጠይቃሉ፣ አብሮ የነበረ። ምስክሮቹ ደግሞ ለየብቻ ነው የሚጠየቁት። "የሻምበሉ ወጥ ቤት ማን ነበር?" ብለው የጠየቁት ሰውዬ ወዲያው ኮፍያውን አንስቶ ወጣ ብለው ነገሩኝ፣ ሲስቁ እኔም ሳቅኩ፣ ጄኔራሉን ሁሉም ያውቀዋል ወጥ ቤቱን ግን የሚያውቀው የበላ ብቻ ነው።

እሺ አባዬስ። መጀመሪያ ያገኙለት ቄሱን ነው። በ83 ወደ ኬንያ ከተሻገሩት ጋር ተሻግሮ፣ ካምፕ ቆይቶ፣ ተመልሶ አሁን አዋሳ ነው የሚኖረው፣ ለካ ጭራሽ ቄስ አልሆነም፣ ጋራዥ ነው ያለው። ስልኩን ሰጡን፣ መጀመሪያ ግን ቄሱን አስፈቅደው ነው፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፣ የማንንም ስልክ ሳያስፈቅዱ አይሰጡም፣ መገኘት የማይፈልግ ሰው አለ፣ መብቱ ነው። ደወልን። እኔ እንግዲህ በቲቪ እንዳየሁት ይላቀሳሉ ብዬ መሀረብ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ። ሁለቱ ሰዎች ሰላም በተባባሉ በሁለት ደቂቃው ደገሃቡር መንገድ ላይ የተበላሸችው መኪና ኡራል ነበረች ዚል ነበረች ብለው መጨቃጨቅ ጀመሩ። አንተ ተኝተህ ነበር ምን ታውቃለህ፣ አንተ ነህ የተኛኸው፣ ሹፌሩ ማን ነበር እሺ፣ ካርዱ እስኪያልቅ። ካርድ ሞልተን ስንደውልም መኪናዋ ላይ ነው የቀጠሉት። እስካሁን አልተስማሙም፣ በየሳምንቱ ይደዋወላሉ፣ ሶስተኛ ምስክር ይሁን ብለው ጮማን እያስፈለጉ ነው። አባዬ ከዛ በፊት ከሰው ጋር በስልክ ከሁለት ደቂቃ በላይ ሲያወራ አይቼው አላውቅም። እኛ ያልሰማነውን ነገር ሁሉ ለቄሱ ሲነግረው ከጎን ቁጭ ብዬ ነው የሰማሁት፣ እኛ ብንጠይቀው ኖሮ ከየት ጀምሮ እንደሚያስረዳን ራሱ አያውቅም ነበር መሰለኝ፣ ለቄሱ ግን ማስረዳት አያስፈልገውም፣ ግማሽ አረፍተ ነገር ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ እኔ ማህበሩን ከሌላው የማስበልጥበት። ሁለተኛ መዝገብ አላቸው፣ ከመጀመሪያው ቀጠን ያለ፣ የጠፉ ሰዎች ነው። የሚያስመዘግበው ቤተሰብ ነው፦ ወንድሜ በብሔራዊ ውትድርና ሁለተኛ ዙር ሄዶ ቀረ፣ ባሌ መጨረሻ ደብዳቤ የፃፈው ከከረን ነው፣ እንደዚህ። የዛን ጊዜ ለስንቱ ቤተሰብ ነው የሞት መልዕክት የደረሰው? መጋቢት 1980 አፋቤት ላይ ናደው ዕዝ ሲፈርስ፣ የካቲት 1981 ሽሬ ላይ፣ የካቲት 1982 ምፅዋ ላይ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንዴ ሲሞትና ሲማረክ ማን ሞተ ማን ተማረከ ብሎ ለየቤቱ የሚያደርስ ማን ነበር። ከአንድ አመት በኋላ ደግሞ መንግስቱም ሰራዊቱም የለም፣ የት ሄዳችሁ ትጠይቃላችሁ። ስለዚህ እስከዛሬ መርዶ ያልተነገረው ቤት አለ፣ እናቲቱ በሩን ሳትቆልፍ ያረጀችበት፣ ተስካር ያልወጣለት ሰው አለ።

ማህበሩ እዚህ ላይ በጣም ጥብቅ ነው። ሞቷል ለማለት በአይኑ ያየ ሁለት ሰው ይፈልጋል። "ሞቷል ሲሉ ሰምቻለሁ" አይሰራም፣ ምክንያቱም ሞቷል ተብሎ ምርኮ ሆኖ ኖሮ የተመለሰ ብዙ ነው፣ አንዱ ራሱ የማህበሩ ሂሳብ ያዥ ናቸው፣ ሀውልት ሁሉ ተሰርቶላቸው ነበር። ሁለቱ ምስክሮች ከተስማሙ በስልክ አይነግሩም። ሽማግሌ ይዘው፣ ከሰፈሩ እድር ጋር ተነጋግረው፣ በጠዋት ቤት ድረስ ይሄዳሉ፣ እንደ ወጉ ማለት ነው፣ እና ካዩት አንዱ አብሮ መሄድ አለበት። ጎረቤታችን እትዬ (ስማቸው ይቅር) ወንድማቸውን እኔ ነኝ ያስመዘገብኩላቸው፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጡ። አብሮት የነበረው ሰውዬ ቁጭ ብለው በየትኛው ቀን፣ በየት በኩል፣ ማን እንደቀበረው፣ ምን ለብሶ እንደነበር ነገሯቸው። እትዬ ካለቀሱ በኋላ የጠየቁት "ተርቦ ነበር?" ነው። ሰውዬው "አይ፣ ጠዋት ላይ በልተን ነበር" አሏቸው። እውነት ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። ይሄን የሚሰራ መስሪያ ቤት ካለ ንገሩኝ።

ሌላው የወደድኩት ምርኮኛን የሚይዙበት መንገድ ነው። መዝገቡ ላይ "ተማረከ" ብሎ ቀኑንና ቦታውን ይፅፋል፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለም። ከተማረከ በኋላ ከማን ጋር ሆነ፣ ወደየት ተሰለፈ፣ አይጠየቅም። ከምርኮ በኋላ ከተቃዋሚው ጋር የተሰለፈ ብዙ ሰው እንደነበረ የታወቀ ነው፣ እዛ ክፍል ውስጥ ሁለቱም አይነት ሰው ጎን ለጎን ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ደንቡ ላይ ፖለቲካ ማንሳት ክልክል ነው ይላል፣ ግድግዳ ላይም በትልቁ ተፅፏል፣ ከስሩ ደግሞ ሬድዮ አለ፣ ዜና ሲጀምር ፀሐፊው ተነስተው ያጠፉታል።

አሁን ወቀሳ። ቢሮው! ሶስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የሌለው አሮጌ ህንፃ። አባላቱ እኮ ከሰባ በላይ ናቸው፣ ጉልበት የሌለው፣ ሸራፊ ብረት ሰውነቱ ውስጥ ያለ፣ እግሩን ያጣ ሰው አለ። ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሚያርፍ አንድ ሁለት ሽማግሌ ሳታዩ አትወጡም። ክራንች የያዙ ከመጡ ፀሐፊው መዝገቡን ብብታቸው ስር አድርገው ይወርዱና በር ላይ ካለች ጀበና ቡና ጋር ነው የሚመዘግቧቸው፣ ደስ ይላል ለማየት ግን እኮ ፀሐፊውም ራሳቸው ሰባ አልፏቸዋል። ኪራዩ ረከሰልን ነው መልሳቸው። ገባኝ፣ ግን ምድር ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ብትሆንም ይሻላል።

ቴሌግራም ግሩፑን በተመለከተ፣ ሁለት ነገር ነው። ፎቶ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ስትለጥፉ በአንድ ቀን ውስጥ "ከግራ ሶስተኛው የኔ መቶ አለቃ ነው፣ ቁጭ ያለው መድፈኛ ነው ስሙ ጠፋኝ፣ ከኋላ ያለው ግንብ ጎዴ ነው" የሚል መልስ በቮይስ ይጎርፋል፣ ብዙዎቹ መፃፍ ስለሚያስቸግራቸው በቮይስ ነው፣ አራት አምስት ደቂቃ፣ መሀል ላይ ዶሮ ይጮሃል፣ የልጅ ልጅ "አያቴ ጣትህን አታንሳ" ሲል ይሰማል። ግን ግሩፑ ላይ ያለው ሌላው ነገር ያናድዳል። ጠዋት ጠዋት የሚላኩ አበባና ጥቅሶች፣ የውጭ ሀገር አባላት ሌሊት ላይ የሚለጥፉት የፖለቲካ ቪዲዮ (አድሚኑ እስኪነቃ ሁሉም አይቶታል)፣ የመሬት ሽያጭ ማስታወቂያ። ከዛ ሁሉ የከፋው፣ አንድ ጊዜ የአንድ የጠፋ ሰው ማረጋገጫ ተገኝቶ ሽማግሌዎቹ ገና ወደ ቤተሰቡ ሳይሄዱ የሆነ አባል ግሩፑ ላይ "ነፍስ ይማር" ብሎ ለጠፈ፣ እና የሟች የወንድም ልጅ ግሩፑ ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ ጥንቃቄ በአንዲት መልዕክት። ይቅርታ ጠይቀዋል፣ ሰውየውንም አስወጥተዋል፣ ግን የቀነስኳት ኮከብ ይቺ ናት። የጠፉ ሰዎች ጉዳይ ግሩፑ ላይ መነሳት የለበትም ብዬ ነግሬያቸዋለሁ፣ "ልክ ነሽ" አሉኝ፣ እስካሁን ግን ይነሳል።

አመታዊው ስብሰባ... ሞቅ ያለ ነው ግን ንግግሩ ይረዝማል። የካቲት 26 አካባቢ ነው የሚያደርጉት፣ ጠዋት ትግላችን ሀውልት ጋር አበባ ያስቀምጣሉ፣ ከዛ አዳራሽ። መኮንኖቹ ፊት ረድፍ፣ ባለሌላ ማዕረጉ (መኮንን ያልሆነው) ከኋላ፣ ማንም እንዲህ ተቀመጡ አላለም እኮ በራሳቸው ነው እንደዛ የሚቀመጡት፣ አርባ አመት ሙሉ! ሻለቃው ሲገባ ሃምሳ አለቆቹ ብድግ። አባዬ ደግሞ ቤት ውስጥ ለማንም የማይነሳው ሰውዬ ተነስቶ ቀጥ ብሎ ቆመ። ንግግር አንድ፣ ንግግር ሁለት፣ የኩባ ጓዶች ይታወሳሉ፣ ንግግር ሶስት፣ ምግቡ እየቀዘቀዘ። በሰራዊቱ ውስጥ የነበሩ ሴቶች፣ ነርሶቹ፣ ታይፒስቶቹ፣ አንድም ንግግር ላይ አልተነሱም፣ አዳራሹ ውስጥ ግን ሁለት ነበሩ፣ አንዷን አናገርኳት፣ መመዝገቢያው ላይ "የባለቤት ስም" የሚለው ቦታ ላይ የሷን ስም ፅፈው "የማን ባለቤት ነሽ" እንዳሏት ነገረችኝ። ይሄን ያስተካክሉ፣ ቀላል ነገር ነው።

ለንፅፅር ብዬ አፍንጮ በር የኮሪያ ዘማቾቹጋ ሄጄ ነበር። ያው ሊወዳደር አይችልም ማለት ይቻላል። ኮሪያ ላይ ለደቡቡ ወገን የተዋጋው ቃኘው ሻለቃ ከክብር ዘበኛ ተውጣጥቶ በሚያዝያ 1943 ነው በጅቡቲ በኩል በመርከብ የሄደው፣ አንዱ ሻለቃ ጦር በሌላው እየተተካ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ዘምቷል፣ ከ120 በላይ ሞተዋል፣ አንድም ምርኮኛ አልተያዘባቸውም። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ እነዚህ ሰዎች ኮሪያ ዘምቻለሁ ብሎ ማውራት የማያዋጣበት ጊዜ ነበር፣ ግን ደቡብ ኮሪያ አልረሳቸውም፣ መናፈሻው ሀውልቱና ሙዚየሙ፣ የልጅ ልጆች ስኮላርሺፕ፣ ዘማቾቹን እየጋበዙ ማስጎብኘት፣ ቹንቾን ከተማ ላይ ደግሞ በነሱ ስም መታሰቢያ አለ፣ ጃንሆይ ራሳቸው ሄደው የመረቁት ሀውልት። የቀሩት ጥቂት ናቸው፣ ግን መዝገባቸው ሙሉ ነው፣ ማን እንደሞተ የት እንደሞተ ይታወቃል። እኔን የገረመኝ ነገር፣ አፍንጮ በር ያለው የደቡብ ኮሪያን ወዳጅነት ያስታውሳል፣ የአባዬ ጓደኞች አበባ የሚያስቀምጡበት ትግላችን ሀውልት ደግሞ በ1977 ሲመረቅ የሰሜን ኮሪያ ስጦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ ያን ያህል የማይራራቁ። ልዩነቱ የኮሪያ ዘማች የዘመተለት ሀገር ዛሬም አለ፣ ሀብታም ሆኖ ያስታውሰዋል፣ የአባዬ ሰራዊት ግን ያዘመተው መንግስት የለም፣ ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ሰራዊቱ ሲዋጋው የነበረው ወገን ነው፣ ስለዚህ የሚያስታውሰው ያው ራሱ ነው፣ ሶስተኛ ፎቅ ላይ። እነሱን የምትገመግሙ ከሆነ ይሄን እያሰባችሁ ገምግሙ፣ ስፖንሰር የለም፣ ወርሃዊው መዋጮ 50 ብር ነው፣ እሱንም የማይከፍለው ይበዛል፣ ባይከፍልም ከመዝገብ አይሰረዝም።

ልትሄዱ ለምታስቡ፦ መጀመሪያ ደውሉ፣ ከመደወላችሁ በፊት አባታችሁን እንዲህ ብላችሁ ጠይቁ፦ የት ሰለጠንክ፣ በስንት፣ ሻምበል መሪህ ማን ነበር፣ ማን ብለው ነበር የሚጠሩህ፣ ወጥ ቤቱ ማን ነበር። "ስለ ጦርነቱ ንገረኝ" ካላችሁት አይነግራችሁም፣ ስለ ወጥ ቤቱ ግን ይነግራችኋል። በህይወት ከሌለ ደግሞ የድሮ ደብዳቤ ፈልጉ፣ ፖስታው ላይ የክፍሉ ቁጥር ይኖራል፣ እሱ ብቻ ይበቃቸዋል። ቅር የሚለው ከሆነ አታስገድዱት፣ መታወቂያና ፊርማ የሚጠይቁት በመጨረሻ ነው፣ መጀመሪያ ሻይ ጠጥቶ ቢመለስም ይችላል፣ አባዬ እንደዛ ነው ያደረገው። የሚሰጡት መታወቂያ ላሚኔት የተደረገ ነው፣ ታክሲም ሆስፒታልም አይሰራም፣ ቢሆንም ሁሉም ደረት ኪሱ ውስጥ ነው የሚይዘው።

ፎቶ ስትወስዱ ኦሪጅናሉን አትስጡ፣ የኛን አንዱን በስቴፕለር ከፎርሙ ጋር መትተው ያንድ ሰው ግንባር ላይ ሁለት ቀዳዳ አለ አሁን። በስልክ አንስታችሁ ላኩ ወይ ኮፒ አድርጉ። ቅዳሜ ጠዋት ሂዱ፣ በስራ ቀን ከሄዳችሁ ደውላችሁ ነው፣ ፀሐፊው ብዙውን ጊዜ ቀብር ላይ ናቸው።